ተያዥ የሌላት እጩ

ረቡዕ ኅዳር 17 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሆዳን የተባለች የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ጅግጅጋ ውስጥ አስተምርበት በነበረው አነስተኛ የግል ኮሌጅ ቢሮዬ ገባችና ለተማሪዎች ምክር ቤት ለመወዳደር ያስገባችውን ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ማመልከቻው ተመልሶላታል። በግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ተያዥ አላቀረበችም» ተብሎ ተጽፎበታል። የእጩዎች ምዝገባ የሚዘጋው በማግሥቱ እኩለ ቀን ነበር።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች ሳትቀመጥ። «ደንቡ የሁሉም ተማሪ ነው ብለውናል። ስድስተኛው አንቀጽም የሁሉም ነው?»

«የሁሉም ነው።»

«እንግዲያው እኔ ከሁሉም ውስጥ የለሁበትም ማለት ነው።»

እንድትቀመጥ ወንበር ሳብኩላት። ቀጥሎ የሆነው እንዲገባ ግን ያ ደንብ እንዴት እንደ ተጻፈ፣ እኔና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ወደዚያ ሥራ በምን መንገድ እንደ ደረስን አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ።

ማስተማር ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ያቆምኩት ወድጄ አይደለም፤ የጉሮሮ ሐኪሙ የድምፅ አውታሮቼን መርምሮ ድምፄን እንድቆጥብ አዘዘኝ፤ ድምፁን የሚቆጥብ መምህር ደግሞ ክፍል ውስጥ ብዙም አይጠቅምም። ጡረታዬ ከዕድሜዬ ቀድሞ ተፈቀደልኝ። ገንዘቡ ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ወረቀቱም ከፈራሁት ባነሰ ምልልስ አለቀ። ከእኔ በኋላ የመጣችው ወጣት መምህርት የማስተማሪያ ማስታወሻዎቼን ስትረከብ፣ «ይህን ምዕራፍ ለምን እንዲህ አብዝተው ደለዙት?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ በቂ መልስ አልሰጠኋትም። ይህን የምጽፈው በከፊል ለእርሷ ነው።

የተወለድኩት ጅግጅጋ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የፖለቲካ ሳይንስ ተማርኩና መጀመሪያ ደገሀቡር ተመድቤ የሥነ ዜጋ መምህርት ሆንኩ። የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በየሳምንቱ ከክፍሉ ኋላ ገብተው ጥቂት ይቆሙና ምንም ሳይሉ ይወጣሉ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ጠርተው፣ «ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ ግን ራስሽ ትመልሺዋለሽ። ዝምታ ትፈሪያለሽ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ መጠበቅን ተለማመድኩ። በመጀመሪያ እጅግ ይከብዳል፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል ጥፋቱ የራስ ይመስላል። እየቆየ ግን ተማሪዎቹ ዝምታውን ከመምህሩ ይልቅ መሸከም እንደሚያቅታቸውና መናገር እንደሚጀምሩ አየሁ።

ከደገሀቡር ወደ ቶጎ ውጫሌ ተዛወርኩ። ከድንበሩ ጥግ ያለች የንግድ ከተማ ናት፤ የተማሪዎቼ አባቶች ግማሾቹ ዕቃ ያስገባሉ፣ ግማሾቹ ይፈትሻሉ። አንድ ቀን «ነፃነት ምንድን ነው?» ብዬ ጠይቄ ዝም አልኩ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «ጉምሩክ የሌለበት መንገድ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ፊት የተቀመጠች ልጅ ግን ዞር ብላ፣ «ጉምሩክ ባይኖር ያንተን አባት ማን ያበላው ነበር?» አለችው። አባቱ ፈታሽ ነበሩ። ሳቁ ሲበርድ ጥያቄውን ለወጥኩት፦ ነፃው መንገድ ፍተሻ የሌለበት ነው ወይስ የፈታሹ ሕግ እንደ ተፈታሹ ማንነት የማይለዋወጥበት? ያን ጥያቄ ከዚያ በኋላ ባስተማርኩበት ክፍል ሁሉ ይዤው ገብቻለሁ።

ወደ ጅግጅጋ ተመልሼ ኮሌጁ ስገባ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ኢስማኤል ነበሩ። ቀድሞ የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ ከዳኝነት ከወጡ በኋላ ማስተማር ጀመሩ። ተማሪውም፣ ዘበኛውም፣ ከጊዜ በኋላ እኔም የምንጠራቸው «አዴር» ብለን ነው፤ በሶማሊኛ አጎት እንደ ማለት ነው። ሥራ የተማርኩት ከእርሳቸው ነው። የኮሌጁ መመሪያ ረቂቅ ሲሰጧቸው እስክሪብቶ አያነሡም፤ አንዴ ያነቡና ወረቀቱን ገልብጠው፣ «በይ አሁን በቃልሽ ንገሪኝ» ይላሉ። በቃሌ ያልያዝኩትን ሐረግ ሁሉ ያስወጡታል። «የአያቶቼ ሕግ ወረቀት አልነበረውም። ሰው ግመል እየነዳ ሊያስታውሰው የማይችለው አንቀጽ ለጠበቃ እንጀራ ይሆናል እንጂ ለሰው ሕግ አይሆንም።»

በተለይ «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን ቃል ይጠሉት ነበር። ባዩት ቁጥር፣ «አስፈላጊ ነው የሚለው ማነው? ስሙን ጻፊው» ይሉኛል። «ይደረጋል» የሚለውንም እንዲሁ፦ «ራሱ ይደረጋል? ነፋስ ነው የሚያደርገው?» ሌላም ልማድ ነበራቸው። አንድ አንቀጽ ከመጽደቁ በፊት ሁለት ወንበር ያስቀምጣሉ። በአንዱ ተቀምጠው እንደ አሸናፊ ያነቡታል፦ «አሁን ሥልጣን ይዣለሁ፤ ይህን አንቀጽ ይዤ ጠላቴን ምን ላድርገው?» ወደ ሌላው ተሻግረው እንደ ተሸናፊ ያነቡታል፦ «አሁን ተሸንፌያለሁ፤ ይህ አንቀጽ ከማን ያድነኛል?» ሁለቱም ወንበር ላይ የቆመ አንቀጽ ሲያገኙ፣ «ያዘ» ይላሉ። ከዚያ በላይ ምስጋና ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ስለ እርሳቸው አንድ ነገር ልጨምር። በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ከተማችን ታውካ ከመሃል አገር የመጣ ሰው ሲታደን እናቴና እኔ ግቢያቸው ውስጥ ተጠልለን ነበር። የመጡት ሰዎች በሩን ሲደበድቡ ወጥተው፣ «እዚህ ያሉት የወንድሜ ቤተሰቦች ናቸው» አሉ። ሰዎቹ ሄዱ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «ወንድሜ» ስትላቸው ኖረች። እኔም ያንን ቀን ሳስብ ሁለት ነገር አብሮ ይመጣብኛል፤ አንዱ ምስጋና ነው። ሁለተኛው የዳንነው ሰውዬው ደግ በመሆናቸው ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ሁለተኛውን ለእርሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም።

ከዚያ ክረምት በኋላ ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቹ ሌላ ሰዎች ሆነው መጡ። ቀድሞ የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፉበት ነበር፤ አሁን ይከራከራሉ። አሜሪካን የመሠረቱት ሰዎች ስለ ነፃነት፣ ስለ መልካም ምግባርና በሕግ ስለ ተገደበ መንግሥት ያሰቡትን የሚያወሳ ምዕራፍ ራሴ አዘጋጅቼ ነበር፤ በኋላ አብዝቼ የደለዝኩት እርሱን ነው። ለማወደስ አልነበረም ያንን ትውልድ የመረጥኩት፤ ከባዶ ጀምሮ ደንብ የጻፈ፣ ሲጽፍም የተጨቃጨቀበትን ወረቀት ትቶ ያለፈ ትውልድ በመሆኑ ነው። ለእነርሱ ነፃ ያልሆነ ሰው የሚባለው የሚደበደበው ብቻ አልነበረም። በሌላው በጎ ፈቃድ የሚኖር ሰው፣ ጌታው አንድም ቀን ባይቆጣው እንኳ፣ ነፃ አይደለም፤ ነገ ቢቆጣስ? ራሱን መግዛት የማይችል ሕዝብ ነፃነቱን ሊጠብቅ እንደማይችል ያምኑ ነበር፤ ስለዚህ ስለ ምግባር አብዝተው ተናገሩ። ነገር ግን ምግባር እንደ ውኃ ክረምትና በጋ እንዳለው ስለሚያውቁ ሥልጣንን ከፋፍለው እርስ በርሱ እንዲጠባበቅ አደረጉት።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ እጅ ይነሣል። ከደወሌ የመጣ ልጅ ነበር ያን ዓመት ያነሣው።

«ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች ባሪያ ነበራቸው አይደል?»

«ብዙዎቹ ነበራቸው።»

«እና ስለ ነፃነት ሲጽፉ መብራቱን የያዘላቸው ማን ነበር?»

እንደ ልማዴ ጠበቅኩ። ያን ቀን ዝምታውን የሞላ ሰው አልነበረም።

ተማሪዎቹ ከምዕራፉ ተነሥተው የምክር ቤታቸውን ደንብ እንደ አዲስ እንጻፍ አሉ። ምክንያት ነበራቸው። ያለፈው ፕሬዚዳንት የማይደግፉትን ተማሪዎች ከስብሰባ አስወጥቶ በሩን ዘግቶባቸው ነበር። የዲኑ ማስጠንቀቂያ አልመለሰውም፤ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴውም አልመለሰውም። የጎሳው ታላላቅ ተማሪዎች አንድ ከሰዓት በኋላ አስቀምጠው ሲያነጋግሩት ግን በማግሥቱ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ።

ስድስተኛው አንቀጽ የተወለደው ከዚህ ነው። ያመጣው አብዲራህማን ነበር፤ የጅግጅጋ ልጅ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ አያቱ በከተማው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ረቂቁን የምንሠራው እያንዳንዱን አንቀጽ በተለያየ ግማሽ ገጽ ጽፈን ሰሌዳው ላይ በመለጠፍ ነበር። እርሱ የራሱን ለጥፎ ወደ ክፍሉ ዞረ።

«ቲቸር ምግባር ያስፈልጋል አሉን። ቀጥለው ምግባር ያልቃል አሉን። ታዲያ ሲያልቅስ? እኛ ዘንድ መልስ አለ። በሔር አንድ ሰው ሲያጠፋ ብቻውን አያጠፋም፤ ወገኑ አብሮት ይጠየቃል። ደገኞቹስ ቢሆኑ ተያዥ ሳያመጡ ማንን ይቀጥራሉ?»

ሔር የሶማሌ ጎሳዎች ለትውልድ በቃል ያቆዩት የጋራ ሕግ ነው። ተያዥ ደግሞ ሥራ የተቀጠረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አብዲራህማን ሁለቱን አጋባቸው፦ «እጩ ስለ ምግባሩ የሚጠየቅ ተያዥ ከገዛ ጎሳው ተማሪዎች ያቀርባል።» አዴር ወረቀቱን ገልብጠው በቃላቸው አሉት፤ ቀላል ነበር። በአሸናፊው ወንበር ተቀመጡ፦ «ልሰርቅ እፈልጋለሁ፤ ግን የአጎቴ ልጅ ያፍርብኛል።» በተሸናፊው ወንበር ተቀመጡ፦ «በደለኝ፤ ማን ዘንድ እንደምከስ ግን አውቃለሁ።» ተነሡና፣ «ያዘ» አሉ። ክፍሉ አጨበጨበ። ከመሃል አገር የመጡ ነጋዴዎች ልጆችም በአባቶቻቸው የትውልድ ስፍራ ተቧድነው ተያዥ መሆን ይችላሉ ተባለ። ጠቅላላ ጉባኤው ደንቡን ያለ ብዙ ክርክር አጸደቀው። እኔ በሥራ ዘመኔ ከተማሪ እጅ ያየሁት የተሻለ ረቂቅ ነው ብዬ አምን ነበር፤ በሌላው ክፍሉ ሁሉ አሁንም እንዲሁ አምናለሁ። ነገር ግን ሁለቱም ወንበሮች የሚወዳደር ሰው ወንበሮች ነበሩ። ለመወዳደር የማይፈቀድለት ሰው የሚያነብበት ስፍራ አላዘጋጀንም።

ወደ ረቡዕ ልመለስ። ሆዳን ተቀመጠች። አባቷ ቀብሪበያህ ቢላዋና ጫማ የሚሠሩ ሰው ናቸው። የዚያ እጅ ሥራ ባለቤቶች በሶማሌ ጎሳዎች ቆጠራ ውስጥ በራሳቸው ስም አይቆሙም፤ በሌላ ጎሳ ጥላ ሥር ይቆማሉ፤ ሌሎቹም አይጋቧቸውም። በኮሌጁ ከእርሷ ሌላ የወገኗ ተማሪ አልነበረም። በክፍል ውጤቷ የሚስተካከላት ጥቂት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ለሴቶች ማታ እንዳይዘጋ ፊርማ አሰባስባ ያስከፈተችው እርሷ ናት፤ ብትወዳደር ማሸነፏን የሚጠራጠር አልነበረም።

«አንቀጹ ሲጸድቅ አዳራሹ ውስጥ ነበርሽ» አልኳት። «ያን ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«ብናገር ሁሉም ዞሮ ያየኝ ነበር፣ ቲቸር። ያን ቀን ማንም አያየኝም ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር።»

አዴርን ከጎን ቢሮ ጠራኋቸው። የአስመራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ አብዲራህማን ስለ ነበር እርሱም መጣ። በሩ ላይ ሆዳንን ሲያይ አንገቱን አከከ።

«ወላሂ እኔ አይደለሁም የመለስኩት፤ ደንቡ ነው» አለ።

«ደንቡ እጅ አለው እንዴ? ቀይ እስክሪብቶ ይይዛል?» አለችው።

«ስሚኝ እንጂ። የእኛ ልጆች ተነጋግረናል። ከእኛ ወገን ነኝ ብለሽ ተመዝገቢ፤ ተያዥሽ እኔ ራሴ እሆናለሁ። ማን ይጠይቃል?»

«እኔ እጠይቃለሁ።»

«እልኸኛ!»

«አንተ ደግሞ ቸር ነህ። ከቸርነትህ አላህ ይሰውረኝ።»

አዴር ሳቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ የእርሱን ተይው፤ ልጅ ነው። በእኔ ስም ተመዝገቢ። ተማሪ አይደሉም የሚለኝ ካለ ወደ እኔ ይምጣ። ልጄ ናት እላለሁ፤ በቃ።»

ይህን ያሉት ከልባቸው ነው። በዚያ ድምፅ ሲናገሩ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ፤ የሰማሁትም ከተዘጋ በር ኋላ ሆኜ ነበር።

ሆዳን ወደ እርሳቸው ዞረች። «አዴር፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እርስዎ ሲያልፉስ?»

«ገና አልሞትኩም እኮ!»

«ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት። ግን ሲያልፉ ማነኝ? ልጅዎ ይወርሰኛል?»

አዴር መነጽራቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው መልሰው አደረጉ። አብዲራህማን ወደ መስኮቱ ዞሮ ግቢውን ያይ ጀመር።

እኔ የቀረውን መንገድ አነሣሁ። ዲኑ ደንቡን ከጅምሩ አልወደዱትም ነበር፤ ተማሪ ለራሱ ሕግ ይጻፍ ማለት ለእርሳቸው ራስ ምታት ነው። አንቀጹ አድሏዊ ነው ብዬ ባመለክት በዚያው ከሰዓት በኋላ እንደሚሰርዙት አውቃለሁ። ልሂድ አልኩ።

«ትሄጃለሽ፤ ይሰርዙታልም» አሉ አዴር። «ዛሬ ለሆዳን ሲሉ ስድስተኛውን ይሰርዛሉ። በሚቀጥለው ወር ለራሳቸው ሲሉ የቀሩትን ይሰርዛሉ። ያኔ በምን አፍሽ ትከለክያቸዋለሽ?»

«እና ትውጣ ነው የሚሉት?»

«እኔ አላልኩም። ያጸደቀው ጉባኤው ነው፤ ይሻረው። ነገ ጠዋት ይሰበሰብ የለ?»

እዚህ ላይ አብዲራህማን ቀስ ብሎ አሥራ አንደኛውን አንቀጽ አስታወሰን። የደንቡ ማሻሻያ የሚጸናው ከሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ጀምሮ ነው ይላል። ተወዳዳሪዎች በውድድሩ መካከል የጨዋታውን ሕግ ለራሳቸው እንዳይለውጡ ያስገባነው ነው፤ ሰው በሚያወጣው ሕግ ወዲያውኑ ራሱ እንዳይጠቀም የሚለውን ሐሳብ ተማሪዎቹ ከአሜሪካው ምዕራፍ ነበር የወሰዱት። ሆዳን በክረምቱ ትመረቃለች። ስለዚህ ጉባኤው ቢሰማትም የሚጠቀመው ከእርሷ በኋላ የሚመጣ ሰው ነው።

ዝም አልን። ያን ዝምታ ልሞላው ብዙም አልቀረኝም ነበር።

«ነገ ትመጫለሽ?» አሉ አዴር በመጨረሻ።

«እመጣለሁ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልናገር።» ማመልከቻዋን ከጠረጴዛው አንሥታ አጠፈችው። «ዞረው ያዩኝ የለ አሁን፤ ከእንግዲህ ምን ቀረ?»

ሐሙስ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ወንበር ያጡት በመስኮቶቹ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ጉባኤው በሶማሊኛ ነበር፤ እዚህ የማቀርበው በራሴ አማርኛ ነው። አዴርና እኔ ከኋላ ተቀመጥን፤ መምህር በጉባኤው የመናገርም ድምፅ የመስጠትም መብት የለውም። ጉባኤውን የሚመራው አብዲራህማን አጀንዳውን አነበበና ሆዳንን ጠራት። ገና ወደ መድረኩ ስትራመድ ከመካከል አንዱ ጮኸ።

«ሆዳን! አባትሽ ጫማዬን ሰፍተውልኛል፤ ሰላም በይልኝ!»

ሳቅ ሆነ። እርሷ ቆም ብላ ቁልቁል ወደ እግሩ አየች።

«ባይሰፉልህ ኖሮ ዛሬ በባዶ እግርህ ነበር የምትመጣው። እሺ፣ እልልሃለሁ።»

አሁን የተሳቀው በእርሱ ላይ ነበር። ሆዳን ሳቁ እስኪያበቃ ጠብቃ ተናገረች።

«ተያዥ አምጪ ተባልኩ። ተያዤ እኔ ነኝ። ባጠፋ የምሸሸግበት የአጎት ልጅ የለኝም። ሽማግሌ ልኮ የሚያስታርቀኝ የለም። የእናንተ ሰው ሲያጠፋ ጥፋቱ ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የእኔ ጥፋት ሙሉውን የእኔ ነው። ታዲያ ከሁላችንም ይበልጥ ለማጥፋት የሚፈራ ማነው?»

አብዲራህማን ሰብሳቢነቱን ለምክትሉ ለቆ ተከራካሪ ሆነ። «ያለፈውን ፕሬዚዳንት ማን መለሰው? ዲኑ? ኮሚቴው? ወገኑ ነው የመለሰው። ይህን ከሰረዝን ነገ አንዱ በሩን ሲዘጋብን ማንን እንጠራለን?»

«በሩን የዘጋውን።»

«እምቢ ቢልስ?»

«እምቢ ሲል አውርዱት። ልታወርዱት የማትችሉትን ሰው ለምን ትመርጣላችሁ? የእርሱ ዘመዶች ባያነጋግሩት ኖሮ እስከ ዛሬ ውጪ ቆማችሁ ነበር ማለት ነው። ጥሩ ዘመድ ስለነበረው ገባችሁ። መጥፎ ዘመድ ቢኖረውስ?»

አዴር ከጎኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ክርክሩ ረዘመ። አንዲት ልጅ ተነሥታ እርሷም ተያዥ ለማግኘት ሦስት የአጎቷን ልጆች እንደ ለመነች፣ ሴት ስለ ሆነች ሁለቱ እምቢ እንዳሏት ተናገረች። ከደጋ ነጋዴዎች ልጆች አንዱ፣ አባቱ የተወለዱበትን ወረዳ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው ተያዥ ሲፈልግ መሆኑን ሲናገር ብዙዎች ሳቁ፤ እርሱም ሳቀ። የአዳራሹ ልብ ሲያዘነብል ይታወቅ ነበር። ያን ጊዜ አብዲራህማን እንደገና እጁን አነሣ። ያደረገውን ያደረገው ለማሸነፍ አልነበረም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ።

«ማሻሻያው የሚጸናው ከከርሞ ነው፤ ለእርሷ አይደርስላትም። ስለዚህ ሌላ ሐሳብ ላቅርብ። ጉባኤው ለዘንድሮ፣ ለሆዳን ብቻ፣ ያለ ተያዥ እንድትወዳደር ይፍቀድላት።»

«ሀዬ! ሀዬ!» አዳራሹ እሺታውን እያሰማ ተነሣ። ጫማውን ያሰፋው ልጅ ሳይቀር ያጨበጭባል። ለድምፅ መቁጠር እንኳ የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር። ምዝገባው ሊዘጋ ገና ጊዜ ነበረ፤ የታጠፈው ማመልከቻዋ እጇ ላይ ነበር። በእርሷ ቦታ ብሆን እቀበለው ነበር።

ሆዳን እጇን አንሥታ ጸጥታ ጠየቀች።

«አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው» አለች። «ግን ዛሬ እጃችሁን አውጥታችሁ ካስገባችሁኝ፣ ነገ እጃችሁን አውጥታችሁ ልታስወጡኝ ትችላላችሁ። ደስ ስላላችሁ ነው የምገባው፤ ሳታስቡት ደስታችሁ ያልቃል። ስሜ የተጻፈበት አንቀጽ አልፈልግም። የማንም ስም የሌለበትን ስጡኝ።»

«አይደርስልሽም እኮ!» አለ አብዲራህማን። ድምፁ ሊቆጣ የፈለገ ይመስል ነበር።

«ለእኔ አይደርስም።»

ምክትል ሰብሳቢው በልዩ ፈቃዱ ሐሳብ ላይ ድምፅ ይሰጥበት እንደሆነ ጠየቀ። አብዲራህማን ሐሳቡን መልሶ ወሰደ፤ ከዚያ ደንቡ ወደ ተለጠፈበት ሰሌዳ ሄዶ የስድስተኛውን አንቀጽ ግማሽ ገጽ ነቅሎ በሌላ ወረቀት አዲሱን ጻፈ። ሆዳን ከጎኑ ቆማ ሁለት ቃል አስወጣችው። የቀረው «የሚመረጥ ሰው ስለ ምግባሩ ራሱ ይጠየቃል» የሚል ነበር።

ጉባኤው የወሰነው ይህ ነው፦ አሮጌው ስድስተኛ አንቀጽ ተሽሮ አዲሱ እንዲተካ፤ በአሥራ አንደኛው አንቀጽ መሠረትም ከሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ጀምሮ እንዲጸና፤ የዘንድሮው ምርጫ ቀድሞ በጸደቀው ደንብ፣ በተመዘገቡት እጩዎች ብቻ እንዲካሄድ። ድምፅ የተሰጠው እጅ በማውጣት ነበር። ሆዳን ከመጀመሪያዎቹ መካከል እጇን አወጣች፤ ቆጣሪዎቹ ረድፉን ሁሉ አዳርሰው እስኪመለሱም አላወረደችውም።